ለአምስት ሰው የሚበቃ በሶ

ስለ ማስረሻ የሚወራው እንዲህ ነው፦ ሁዳዴ ከገባ በኋላ ለጥቂት ቀናት ወደ ሰሜን የሚጠፋው የአጋዘን ሥጋ ተደብቆ ለመብላት ነው። እዚያ ጫካ ውስጥ ቀይ ጎጆ ያላት አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ አለችው። እሷ ትጠብሳለች፣ እሱ ይበላል፤ ከዚያ ፊቱን በበረዶ አሽቶ፣ ከንፈሩን አድርቆ፣ ጾመኛ መስሎ ወደሚኖርበት ሰፈር፣ ወደ ዩልስታ ይመለሳል። ይህን ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ያልሰማ ሰው ካለ፣ ወይ አርፍዶ የመጣ ነው ወይ ቀድሞ የወጣ።

ወሬው ማስረጃም አለው። ማስረሻ አራተኛ ፎቅ በረንዳው ላይ የአጋዘን ቆዳ አስጥቶ ታይቷል። ያየችው ጽጌረዳ ናት፤ ከፊት ለፊቱ ሕንፃ የምትኖር፣ የሚስቱ የደሚቱ የልብ ጓደኛ፣ የመስኮቷን መስታወት ከሌላው ሰው በተለየ አዘውትራ የምትወለውል ሴት። እሷም ክፉ አልተናገረችም። «ቆዳው እዚህ ከሆነ ሥጋው የት ገባ?» ብላ ጠየቀች፤ መጠየቅ ብቻ። የቀረውን፣ ጎጆውንም ሴትዮዋንም፣ ሌላው ሰው ተባብሮ ሠራው።

እውነቱ እንደ ወሬው አይጣፍጥም። ማስረሻ ቆዳውን ይተኛበታል እንጂ ሥጋውን አያውቀውም። በዓመት አራት ቀን በሰሜን ካለችው ከኦስተርሹንድ ከተማ በላይ ወዳሉት ተራሮች ይወጣል፤ ቀን በበረዶ ላይ ሲሄድ ይውላል፣ ሲመሽ እዚያው በረዶው ላይ ድንኳን ተክሎ ያድራል። ሴትዮ የለችም። ጎጆም የለም። ምሳው ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ በዘይትና በስኳር የተለወሰ በሶ ነው፤ እራቱም ያው በሶ፣ ቀጠን ብሎ። ድንኳኑ ግን ለሁለት ሰው የተሰፋ ነው፤ እዚህ ላይ ወሬው ትንሽ ወደ እውነቱ ተጠግቶ ነበር።

ማስረሻ ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው። የምድር ውስጥ ባቡር ይነዳል፤ ሰማያዊውን መስመር ከዩልስታ ወደ መሀል ከተማ፣ ከመሀል ከተማ ወደ ዩልስታ፣ ዓመት እስከ ዓመት ከአለት ሥር። ስዊድን የገባው በሱዳን አቋርጦ፣ በሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ያኔ መንግሥት ወስዶ የጣለው ሰሜን፣ ስሟን አስተካክሎ ለመጥራት ሁለት ወር የፈጀበት አንዲት ከተማ ዳር፣ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ነበር። ወረቀቱን እየጠበቀ ከመስኮት መስኮት ሲዞር ያየው የካምፑ ጥገና ሠራተኛ፣ አንድ ሽማግሌ ቫክትሜስታሬ፣ አንድ ቀን ምንም ሳይናገር ሰፌድ የሚያክሉ ሁለት ነገሮች አምጥቶ እግሩ ሥር ጣል አደረገለት። ዙሪያቸው የጎበጠ እንጨት፣ መሀላቸው በጠፍር የተጠለፈ። ከጫማ ሥር ይታሰራሉ፤ ያሰራቸው ሰው እስከ ወገብ በሚውጥ በረዶ ላይ ሳይሰምጥ ይራመዳል። ስዊድኖቹ ስኖስኮር ይሏቸዋል። አበሻው በኋላ ሲያያቸው ሰፌድ አላቸው፤ ባለቤቱንም ማስረሻ ሰፌዱ።

ያን ቀን ሽማግሌው ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ ሁለት ሰዓት ሄዱ። ማስረሻ ከአገሩ ከወጣ ጀምሮ ማንም ወረቀት ያልጠየቀው ቦታ ያ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁሉንም ተማረው። ድንኳን ከመተከሉ በፊት መሬቱን በሰፌዱ ረግጦ፣ ረግጦ፣ በረዶው እስኪጠና ቁጭ ብሎ መጠበቅ እንዳለበት። ድስት ላይ ደረቅ በረዶ ብቻ ከተጣደ እንደሚያርና ውኃው ጭስ ጭስ እንደሚል፤ ስለዚህ ከሥሩ ጥቂት ውኃ እንደሚጨመርበት። ጫማን እንደ ሕፃን አቅፎ መተኛት እንዳለበት፣ አለዚያ ጠዋት ድንጋይ ሆኖ እንደሚገኝ። ስምንት ሰዓት ሙሉ የባቡር በር ጩኸት ሲሰማ ለሚውል ሰው፣ ከራሱ እግር በቀር ድምፅ የሌለበት ቦታ ምን እንደሆነ መናገር አይቻልም። ማስረሻም አልተቻለውም። ከሁሉ አብልጦ የሚመኘው አንድ ነገር ነበር፦ ደሚቱ አንድ ቀን እዚያ ቦታ ላይ ቆማ እንድታየው። ከተማ ውስጥ ያለው ማስረሻ ማንም የሚያየው ማስረሻ ነው። የተራራው ማስረሻ ግን ምስክር የለውም።

ደሚቱ ግን በተጋቡበት ሃያ ሁለት ዓመት ሁሉ እምቢ አለች። ሽማግሌዎችን በየቤታቸው እየዞረች የምትረዳ የሄምሼንስት ሠራተኛ ናት፤ ክረምቱን ሙሉ በረዶ ስትረግጥ የምትውል። «ሰው ከበረዶ ለመሸሽ ቤት ይከራያል» ትለዋለች፣ «አንተ ቤቱን ትተህ በረዶ ትከራያለህ።» ይህን እያለች ግን በሶውን የምትለካለት እሷ ናት። በየዓመቱ አንድ ኪሎ፣ በጨርቅ ከረጢት፣ አፉ በደንብ የታሰረ።

እንግዲህ ቅናቱ የገባው ሕሩይ ሲመጣ ነው።

ሕሩይ ከሦስት ዓመት በፊት ከአዲስ አበባ በሥራ ፈቃድ የመጣ መሐንዲስ ነው፤ ሶደርተልየ ከተማ፣ ከባድ መኪና የሚሠራው ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ሠላሳ አራት ዓመቱ፣ ቁመቱ ሸጋ፣ ትሕትናው ደግሞ ሰው የሚያናድድ። በመጣ በመጀመሪያው ክረምት ማስረሻን አዳራሹ በር ላይ ጠብቆ፣ እጅ ነሥቶ፣ «ጋሽ ማስረሻ፣ ዘንድሮ ሲሄዱ ይዘውኝ ይሂዱ፤ ዕቃዎን እሸከማለሁ» ብሎት ነበር። ማስረሻ «ድንኳኔ ለአንድ ሰው ነው» አለው። ልጁ አመስግኖ ሄደ። ሄዶም ብቻውን ተማረው። በዓመቱ ሦስት ጓደኞቹን ይዞ ወጣ፣ በስልኩ ቪዲዮ ቀረጸ፣ ቪዲዮው አዳራሹን ዞረ። ፀሐይ በረዶው ላይ እንደ ስኳር ስታብረቀርቅ፤ አንዲት አበሻ የባንክ ሠራተኛ በሰፌድ ስትሮጥ፣ ስትወድቅ፣ ወድቃ ስትስቅ።

ማስረሻ ቪዲዮውን የሾፌሮች ማረፊያ ክፍል ውስጥ ብቻውን አሥራ አራት ጊዜ አየው። ስሕተት ፍለጋ ነው። በአሥራ አንደኛው ላይ አንድ ድንኳን አፉ ወደ ነፋስ ዞሮ አገኘና ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለው ዋለ። ማታ ቤት ሲገባ ደሚቱ ያንኑ ቪዲዮ እያየች ነበር፤ «እንዴት ያምራል» ስትል ሰማት። ደስታው እዚያው በሩ ላይ ቀረ።

ዘንድሮ ሕሩይ በሁዳዴ ሰው ይዞ ሊወጣ መሆኑ ተወራ። ማስረሻን ጽጌረዳ ደረጃው ላይ አግኝታ ነገረችው።

«ሚስትህም ተመዘገበች» አለች፣ የሚሆነውን ለማየት ዓይኗን ፊቱ ላይ ተክላ። «እኔም እሄዳለሁ። ማን ይጠብቃታል?»

ማስረሻ ጫማውን ሳያወልቅ ሳሎን ገባ።

«ልትሄጂ ነው አሉ።»

«ማን አለ?»

«ጽጌረዳ።»

«ጽጌረዳ ካለች እንግዲህ መሄዴ ነዋ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ስለምንሽ…»

«መቼ ለመንከኝ?» አለች ደሚቱ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «አንተ ስትመለስ የምትነግረኝ ጣቱ ስለተቆረጠ ሰውዬ ነው። ነፋስ ድንኳን ስለወሰደበት። በረዶ ስለዋጠው ወንዝ። እዚያ ፀሐይ እንዳለ እንኳ ከሕሩይ ነው የሰማሁት።»

እውነቷን ነው። ማስረሻ ሁሌም የሚነግራት ብርዱን ነበር፤ ጀግናነቱ የሚታየው በብርዱ ነዋ። ፀሐይ ላይ ማን ጀግና ይሆናል? ወዲያው ለሕሩይ ደወለ፤ እኔም አለሁበት አለው።

«ጋሽ ማስረሻ፣ እርስዎ ካሉማ ምን እፈራለሁ» አለ ሕሩይ። ደስ ብሎት። ማስረሻ ልጁ ትንሽ እንኳ ቅር ቢለው ይሻለው ነበር።

ማክሰኞ ማታ ሶደርተልየ ሕሩይ ቤት ዕቃ ለማደል ተሰበሰቡ። አምስት ናቸው፦ ሕሩይ፣ ማስረሻ፣ ደሚቱ፣ ጽጌረዳ፣ እና ሶልና ሆስፒታል በሽተኛ ከክፍል ክፍል የሚያጓጉዝ አሳምነው የሚባል ቀልደኛ። ሕሩይ ምግቡን ለሁሉም ገዝቶ ጨርሷል። የሚያብረቀርቁ ከረጢቶች፣ ውስጣቸው የደረቀ ምግብ፣ ላያቸው ላይ የካሮትና የአተር ሥዕል።

«ሙቅ ውኃ ማፍሰስ ብቻ ነው» አለ። «በስምንት ደቂቃ ይደርሳል። ቬጌታሪስክ ነው፤ ሥጋ የሚባል አልነካውም።»

ማስረሻ መነጽሩን አውጥቶ አንዱን ከረጢት ገለበጠው። ከጨው ቀጥሎ ምዮልክፑልቨር ይላል። የወተት ዱቄት። ሌላውን ገለበጠ፤ ያው ነው። ሕሩይ የሠራው እኛ ብቻ የምንሠራውን ስሕተት ነው። ለስዊድን ቬጌታሪስክ ማለት ሥጋ የለውም ማለት ነው፤ ቅቤውም ወተቱም እንቁላሉም ግን እንዳሻው ይገባበታል። ሕሩይ ደግሞ ሥጋ የለውም ሲባል፣ እንደማንኛውም የእናት ቤት ልጅ፣ የጾም መሰለው።

ማስረሻ ሊናገር አፉን ከፈተ። በእውነት ከፈተ።

«አየህ ማስሬ» አለች ደሚቱ ያን ጊዜ፣ ከረጢቶቹን እየደረደረች፣ «ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው። አንተ ብትሆን በሶ ተሸከሙ ነበር የምትለን።»

አፉን ዘጋው። መነጽሩንም አጥፎ ኪሱ ከተተ።

በማግስቱ ከሥራ ሲወጣ አበሻ ሱቅ ሄዶ አራት ኪሎ በሶ ገዛ፤ ዘይትና ስኳርም ጨመረ። ቦርሳው ታች፣ ከአጋዘን ቆዳው ሥር ቀበረው። ደሚቱ በሶ ልትለካለት ስትነሣ «ዘንድሮ አያስፈልግም፣ የሕሩይን እበላለሁ» አላት። በልቡ ግን ያለቀለት ነገር ነበረው። ተራራው ላይ ዘጠኝ ሰዓት ይሞላል፤ ሁሉም ይርበዋል፤ ጽሑፉ ይነበባል፤ መሐንዲሱ ይደነግጣል። ያን ጊዜ እሱ ቀስ ብሎ፣ ምንም ሳይል፣ ቦርሳውን ይፈታል። ደሚቱም ታየዋለች።

ሐሙስ በባቡር ሄዱ፣ ማታ ተራራው ሥር የተከራዩት ስቱጋ፣ ትንሽ የእንጨት ቤት ውስጥ ከቤት በያዙት ሽሮ እህል ቀመሱ፣ አርብ ጠዋት ወጡ። ሕሩይ ሰፌዶቹን አደለ፤ የዘንድሮዎቹ ፕላስቲክና ብረት ናቸው። ከዚያ ደሚቱ ፊት ተንበርክኮ ማሰሪያዋን ያጠብቅላት ጀመር። ማስረሻ የራሱን እያሰረ በጎን አየ። ሃያ ሁለት ዓመት ባሰበው ነገር ውስጥ የተንበረከከው እሱ ነበር።

ደሚቱ ደግሞ ቻለችበት። መጀመሪያ እግሯን እንደ ዳክዬ ከፈት አድርጋ፣ ቀጥሎ ልቧ ሞልቶ፣ ቀጥሎ እየዘፈነች። ሰማዩ ጠርቷል፣ ፀሐይዋ ፊት ታሞቃለች፣ በረዶው ከእግራቸው ሥር እንደ አዲስ አንሶላ ይንሿሿል። አንድ ቦታ ላይ ቆመችና እጇን አነሣች።

«ሕሩይ፣ ስማ እስቲ። ምንም የለም እኮ።»

«ምኑ እትዬ?»

«ድምፅ። ዝም ማለቱ ራሱ ይሰማል።»

«አዎ» አለ ሕሩይ፣ «እኔም መጀመሪያ የወደድኩት እሱን ነው።»

ማስረሻ አራት እርምጃ ከኋላቸው ነበር። ለዚህ ጥያቄ መልስ ይዞ ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቋል፤ ጠየቀችው ሌላውን። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ስሕተት ሲጠብቅ ሄደ። ሕሩይ ግን አልሳሳት አለ። ነፋስ የማይመታው ቦታ መረጠ። መሬቱን አስረግጦ እስኪጠና አስጠበቃቸው። ሦስቱን ድንኳኖች ጀርባቸውን ለነፋስ ሰጥቶ አስተከለ፤ አንዱን ለማስረሻና ለደሚቱ፣ አንዱን ለጽጌረዳ፣ አንዱን ለሁለቱ ወንዶች። ድስቱ ላይ በረዶ ከመጨመሩ በፊት ከሥሩ ውኃ አፈሰሰ።

«እኔ ከዚህ በኋላ የሚወስደኝ መልአክ ይሁን ረሃብ አላውቅም» አለ አሳምነው፣ ቦርሳው ላይ ተዘርግቶ። «ስንት ሰዓት ነው?»

«ዘጠኝ ከሩብ።»

ሕሩይ ከረጢቶቹን አወጣ። ደሚቱ አንዱን ተቀበለችውና፣ ለሽማግሌዎቿ ምግብ ስትሰጥ እንደለመደችው፣ ከመክፈቷ በፊት ጀርባውን አነበበች። ሁለተኛውን አነሣች። ሦስተኛውን።

«ሕሩይዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ይኼ ወተት አለበት።»

ሕሩይ ወስዶ አነበበ። ፊቱ ላይ የነበረው የፀሐይ ቅላት ሲወርድ ታየ። «ቬጌታሪስክ ይላል እኮ» አለ፤ ማንም ያልካደውን።

«መንገደኛ ይፈቀድለታል ይባላል» አለ አሳምነው።

«ለሥራ የሄደ መንገደኛ» አለች ጽጌረዳ። «አንተ ለመንሸራሸር መጥተህ ምን መንገደኛ ነህ? ይልቅ ስለ አጋዘን ሥጋ ማወቅ ከፈለግህ ማስረሻን ጠይቀው።»

ማስረሻ ከድንኳኑ በር ላይ ተቀምጦ ነበር። ጊዜው ደርሷል፤ ቦርሳው ጉልበቱ ሥር ነው። ግን አልፈታውም። ትንሽ ይቆይ አለ በልቡ። ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቆ የመጣን ነገር በአንድ ጉርሻ መዋጥ አልፈለገም።

ሕሩይ ተነሣ። ሰፌዱን እያሰረ ነበር።

«ወዴት ነው?» አለች ደሚቱ።

«ከስቱጋው አጠገብ ሱቅ አለ። ዳቦም ቢሆን፣ ኦቾሎኒም ቢሆን ይዤ እመጣለሁ።»

«አራት ሰዓት ሙሉ ተጉዘን ነው የመጣነው። ይመሽብሃል። ደግሞ አልበላህም።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው እትዬ ደሚቱ» አለ ሕሩይ። ማሰሪያውን አጥብቆ ሳበ፤ ከተራራው ጫፍ ላይ ደመና መውረድ ጀምሯል። ማስረሻ ደመናውን አየ፤ ምን እንደሚያመጣ ከሁሉም በላይ እሱ ያውቃል። እስከዚህም አልፈለገም ነበር።

«ቁጭ በል» አለው። ቦርሳውን ፈታ፣ ቆዳውን አወጣ፣ ከሥሩ በሶውን አወጣ፣ ዘይቱን፣ ስኳሩን።

«ጋሽ ማስረሻ» አለ ሕሩይ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። አሳምነው ተነሥቶ ጉልበት ለመሳም ጎንበስ አለ፣ ግማሹ ቀልድ ግማሹ እውነት። ጽጌረዳ እንኳ «ይባርክህ» አለችው፤ ይህን ቃል ከእሷ አፍ የሰማ ሰው ብዙ አይደለም። ማስረሻም በዚያች ቅጽበት፣ ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ፣ በረዶው መሀል፣ ልክ ያሰበውን ሰውዬ ሆነ። ቀና ብሎ ሚስቱን አየ።

ደሚቱ በሶውን ተቀብላ ትልቁ ሳህን ላይ ልትለውስ ተቀምጣለች። ከረጢቱን በእጇ መዘነችው። ለክታ የምታውቅ እጅ ናት።

«ይኼ ስንት ኪሎ ነው?»

«እኔ እንጃ። አራት።»

«ሁልጊዜ ስንት ነበር የምትይዘው?»

«አንድ።»

እጇ ዘይቱ ላይ ቆመ። «ማክሰኞ መነጽርህን አድርገህ ያነበብከው ይኼን ነበር?»

መዋሸት ይቻል ነበር። ምናልባት ብዬ ነው፣ የልምድ ጉዳይ ነው፣ ማለት ይቻል ነበር፤ ሁሉም ለማመን ተዘጋጅቶ ነበር።

«አዎ» አለ።

«እትዬ ደሚቱ» አለ ሕሩይ ቶሎ ብሎ፣ አንድ እግሩ እንደታሰረ፣ «ጋሽ ማስረሻ እኔን ሰው ፊት ላለማሳፈር ብለው ነው። እሳቸው ባያስቡልን ዛሬ ምን ይውጠን ነበር?»

ከዚህ የከፋ ቅጣት ማንም ሊቀጣው አይችልም ነበር። አሳምነው የሚቀለድ ነገር አጥቶ ድስቱ ላይ በረዶ ጨመረ። የጽጌረዳ ዓይን ሁሉን እየጻፈ ነበር።

ደሚቱ በሶውን ለወሰች። ዘይቱን አልቆጠበችም፣ ስኳሩን አልቆጠበችም። መጀመሪያ ለሕሩይ ሰጠች፣ ቀጥሎ ለአሳምነው፣ ቀጥሎ ለጽጌረዳ፤ ለራሷ ያዘች። የማስረሻን ድርሻ እንደ ሌላው ሰው እኩል አድርጋ፣ ወደ ፊቱ ሳታይ፣ አጠገቡ በረዶው ላይ አስቀመጠችለት። ከዚያ የመኝታ ከረጢቷን ከእሱ ድንኳን አወጣችና ወደ ጽጌረዳ ድንኳን ወሰደችው። ጽጌረዳ ቦታ ለቀቀችላት።

በረዶ መጣል ጀመረ፤ ልል፣ ነፋስ የሌለው። አራቱም ሳህናቸው ላይ አቀርቅረው ይበላሉ። ማስረሻ የራሱን አንሥቶ በሁለት እጁ ያዘው።

«ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ኪሎ ስትለኪልኝ» አለ፣ «አንድ ቀን እንኳ እጅሽ ተሳስቶ ለሁለት ሰው የሚሆን አልለካሽም።»

ደሚቱ የተረፈውን በሶ ከረጢት አፉን በደንብ አሰረችው።